ሩቅ ፋይል፣ ቅርብ ቅጂ፦ የአንድ የከርነል ብልሽት ታሪክ



የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት፣ በባሕር ማዶ ያሉ የኮምፒውተር ጠበብትም የውኃ መሐንዲስ የሚያውቀውን ጥያቄ ይዘው ነበር፤ ምንጩ ሩቅ ሲሆን በቅርብ ምን ይከማች?

ሳን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው ኤንኤፍኤስ ፋይልን ከሩቅ ሰርቨር በኔትወርክ ያመጣል። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ኤኤፍኤስ ደግሞ የመጣውን ቅጂ በተጠቃሚው ዲስክ ላይ አኖረ። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ2.6.30 እትሙ፣ ኤፍኤስ-ካሽ የተባለውን የቅጂ ማከማቻ በከርነሉ ውስጥ አስገባ።

አደጋው ከዚሁ ከቦታው መጣ። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ከርነል ሲሳሳት ግን ማሽኑን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። አንዱ ሥራ ቅጂውን ሲያስወግድ ሌላው ገና እየተጠቀመበት ከሆነ፣ ሰርቨሩም ኔትወርኩም ጤነኛ ሳሉ ኮምፒውተሩ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ መርማሪው ኔትወርኩን ከመክሰሱ በፊት ከርነሉ ሲወድቅ የመዘገበውን መልእክት ያነባል። ቀጥሎ ማከማቻውን ዘግቶ ይፈትናል፤ ዋናው ፋይል በሰርቨሩ ስላለ የሚጎድለው ፍጥነት ብቻ ነው። ብልሽቱ ከቀረ፣ ምርመራው ወደ ማከማቻው ያመራል።

እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ5.17 እትም፣ የማከማቻው ኮድ እንደገና ሲጻፍ የቀድሞው ውስብስብ የክትትል ሥርዓት ተወገደ። መስመሩ ለሚዘገይብን ለእኛ ቅርብ ቅጂ ቅንጦት አይደለም፤ ሆኖም ለፍጥነት የጨመርነው ነገር ሥራውን ሳያቆም የሚነቀል ሊሆን ይገባል።