ካምቢዮ፣ ማጥለያ፣ ማብረጃ፤ የከባድ መኪና የማርሽ ሣጥን ቃላት ታሪክ በይፋት ቆላ መንገድ

የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ ያ ሙያ ወደ አገር የገባበት መንገድ ታሪክ ነው ይባላል። የከባድ መኪና ቃላት ደግሞ ቃል በቃል በመንገድ የገቡ ናቸውና ይህ አነጋገር ለእነርሱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይስማማል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዱን ጠባብ ክፍል ነው፤ ይኸውም የማርሽ ሣጥኑን፣ በውስጡ ያለውን ዘይት፣ ዘይቱ የሚጠራበትንና የሚበርድበትን መሣሪያ የሚመለከተው ነው። ርእሱን ያጠበብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ በአገራችን መንገዶች ይመላለሱ በነበሩት ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች የማርሽ ሣጥኑ ዘይት የራሱ ማጣሪያም ሆነ ማብረጃ አልነበረውም። ዛሬ ግን እነዚህ ክፍሎች ያሏቸው መኪናዎች እየበዙ ሲሄዱ ስማቸው ገና አልረጋም። የአንድ ቃል አጠቃቀም ሳይረጋ መመርመር፣ ከረጋ በኋላ ለማቃናት ከመድከም ይሻላል።

ለምርመራችን የመረጥነው ሥፍራ አጣዬና አካባቢዋ ነው። አጣዬ፣ በሌላ ስሟ ኤፌሶን፣ በሰሜን ሸዋ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ዋሻ ከተሻገረ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስም ከ1,700 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ገብቷል። ከዚያ በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ አጣዬ፣ ቀጥሎም ካራቆሬ ይደርሳል። ተመላሹ መኪና ይህንኑ ከፍታ ጭነቱን እንደ ተሸከመ በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣዋል። እንግዲህ የማርሽ ሣጥን ዘይት የሚፈተንበት መንገድ ይህን የመሰለ ነው። አካባቢው ለቋንቋ ተመራማሪም የተመቸ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ ጎን ለጎን የኖሩበት ስለሆነ የሙያ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እንዴት እንደሚሻገር ያሳያል።

የመኪና ቃላት በአማርኛ ውስጥ በንብርብር የተቀመጡ ናቸው። ከሁሉ በታች ያለው ንብርብር ከመኪናው በፊት የነበረው «ባቡር» የተባለው ቃል ነው። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ፣ የእህል ወፍጮውም «የወፍጮ ባቡር» መሰኘቱ፣ ሕዝቡ በሞተር የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ እንደ ነበረ ያስረዳል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ለዳግማዊ ምኒልክ መጡ። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የፈረንሳይኛው ተጽዕኖ በረታ፤ «ሾፌር» የዚያ ንብርብር ምስክር ነው። «ማርሽ» እና «ፍሬን» የተባሉት ቃላት ግን ከፈረንሳይኛውም ከኢጣልያንኛውም ጋር ስለሚቀራረቡ፣ በአንደኛው ገብተው በሌላው የጸኑ ናቸው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሁለተኛውና ወፍራሙ ንብርብር የኢጣልያንኛው ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አስመራን ከደሴና ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ፤ የጣርማ በር ዋሻም የዚያ ሥራ ክፍል ነው። በመንገዱ ላይ የተመላለሱት መኪናዎች የኢጣልያ ነበሩ። ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፊያት 634 የተባለው መኪና በቁጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ሲታወቅ፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» በሚል ስም በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ወረራው ካበቃ በኋላም ከቀሩት ኢጣልያውያን መካከል ጋራዥ ከፍተው የሠሩ ነበሩና ወጣቱ ሠልጣኝ እጁን ሲያፍታታ ጆሮውም ከቃሉ ጋር ተላመደ። «ካምቢዮ» የተባለው ትርጉሙ ለውጥ ነው፤ «ፍሪሲዮን» ፍትጊያ፣ «ፖምፓ» መግፊያ፣ «ፊልትሮ» ማጣሪያ፣ «ታፖ» ውታፍ፣ «ቦቴ» በርሜል ማለት ነው። «ኩሽኔታ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ጓርኒሲዮን»፣ «ካቻቪቴ» እያልን ብንቀጥል ዝርዝሩ ገጹን ይሞላዋል።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ሁሉንም በውሰት አልተቀበለም። «መሪ»፣ «ተሳቢ»፣ «ገልባጭ» የተባሉት አገር በቀል ቃላት ናቸው፤ የሦስቱም አሠራር ደግሞ አንድ ነው፤ እያንዳንዳቸው ዕቃውን በሚሠራው ሥራ ይጠሩታል። ይህን ስናስተያይ አንድ ሥርዓት ይታየናል። በደጅ የሚታየውንና ሥራውም ለተመልካች ሁሉ ግልጽ የሆነውን ክፍል ተናጋሪው ራሱ ሰይሞታል። በብረት ሣጥን ተዘግቶ ከመካኒኩ በቀር ማንም የማያየው ግን የባዕድ ስሙን እንደ ያዘ ቀርቷል። «ጎማ» በደጅ እየታየ የውሰት ስሙን ማቆየቱ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያ አዲስ የነበረው የዕቃው አካል ስለሆነ ስሙ ከአካሉ ጋር መጣ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ንብርብር የእንግሊዝኛው ነው። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአሜሪካ መሣሪያና የእንግሊዝኛ መምሪያ መጽሐፍ አብረው መጡ፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ቋንቋ አስተማሩ። ከዚህም የተነሣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ስም ተፈጠረ፤ በጋራዥ «ፊልትሮ»፣ በመማሪያ ክፍል «ፊልተር»፤ በጋራዥ «ካምቢዮ»፣ በመማሪያ ክፍል «ጊር ቦክስ» ሆነ። ቅርብ ዘመን የመጣው የቻይናው ሲኖትራክ ከሰፊው ቁጥሩ ጋር ሲነጻጸር እስካሁን በጋራዡ ቋንቋ ላይ ያሳረፈው አሻራ ጥቂት ነው፤ መኪናው ቻይናዊ ቢሆንም መካኒኩ የሚፈታው ያው «ካምቢዮ» ነው። አንድ ቃል ሥር መስደዱ የሚታወቀው ዕቃውን የሠራው አገር ሲለወጥ እርሱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ፤ ዕቃውን ያላወቀ ስሙን ሊመዝን አይችልምና። በማርሽ ሣጥን ውስጥ ጥርስ ያላቸው ክቦች እርስ በርሳቸው ተናክሰው የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ ያስተላልፋሉ። «ዘይት» በግዕዝ ወይራንና የወይራን ቅባት የሚያመለክት ቃል ነው፤ ደብረ ዘይት የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ነው። በአማርኛ ግን ትርጉሙ ሰፍቶ ከመሬት የሚወጣውን ማለስለሻ ሁሉ ጨመረ። በቀላሉ የማርሽ ሣጥን ዘይቱ በሥሩ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፤ የታችኞቹ ክቦች በውስጡ እየዞሩ ወደ ላይ ይረጩታል፤ ርጭቱም ጥርሱንና ኩሽኔታውን ያርሳል። ከጥርስ ፍትጊያ የሚወጣው የብረት ብናኝ ወደ ሥር ይዘቅጣል፤ በዘይት ማፍሰሻው ታፖ ላይ ማግኔት ካለም ከፊሉን ይዞ ያስቀረዋል። ማጣሪያ የሌለው ሣጥን የሚጸዳው በዚህና ዘይቱን በጊዜው በመለወጥ ብቻ ነው። በአዲሶቹ ከባድ ሣጥኖች ግን ፖምፓ ዘይቱን ከሥር ይስባል፤ በመሳቢያው አፍ ያለው የሽቦ መረብ ደቃቃውን ብረት ያግዳል፤ አንዳንዱም ከዚህ ሌላ የሚለወጥ ማጣሪያ አለው፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ወደ ማብረጃው ይሄዳል።

ማብረጃ ለምን አስፈለገ? ስሌቱ ቀላል ነው። 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ፣ በማርሽ ሣጥኑ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ በፍትጊያ ቢባክን፣ የባከነው ወደ 5.5 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሆናል፤ ይህም አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚፈጀው ይበልጣል። መኪናው በሜዳ ሲሮጥ ነፋሱ ሣጥኑን ያበርደዋል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ግን ጉልበቱ ሙሉ፣ ፍጥነቱ አነስተኛ፣ አየሩም የቆላ ነው። ዘይት በሞቀ መጠን ይቀጥናል፤ እጅግ ሲሞቅ ደግሞ ይበላሻል። የቅባት ባለሙያዎች ሙቀቱ ከልክ ካለፈ በኋላ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላሉ። ኢተን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ለከባድ የማርሽ ሣጥኖቹ የሚያወጣው መመሪያ፣ ዘይቱ ሳያቋርጥ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃል።

ስለ ማጽዳት የሚነገሩ የአማርኛ ግሦች ብዙ ናቸው፤ የቤት እመቤት እንደ ቴክኒክ ባለሙያ ለይታ ትጠቀምባቸዋለች። ዱቄት ይነፋል፤ መሣሪያውም ወንፊት ነው። ውኃ ይጠልላል፤ ድፍርሱ ወደ ታች ዘቅጦ ላዩ ጥሩ ይሆናል። ጠላ ይጠለላል፤ ጉሹ በማጥለያ አልፎ አተላው ይቀራል። «አጣራ» ከእነዚህ ሁሉ ይሰፋል፤ ጉዳይ ይጣራል፣ ወሬ ይጣራል፤ ቀድሞ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ይባል የነበረውም ድፍድፉን ዘይት ወደ ቤንዚንና ናፍታ የሚለያይ ፋብሪካ እንጂ ቆሻሻ የሚያግድ መረብ አልነበረም። ስለዚህ ለማርሽ ሣጥኑ የምናቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። ወደ ሥር የሚወርደው «ዝቃጭ»፣ በፖምፓው አፍ ያለው የሽቦ መረብ «ማጥለያ»፣ በጊዜው የሚለወጠው ደግሞ «ማጣሪያ» ይባል። ማጣሪያ ለሞተር ዘይት አስቀድሞ የተለመደ ስለሆነ መንቀል አይገባም፤ ነገር ግን ሦስቱንም በአንድ «ማጣሪያ» ብንጠራ፣ የሚታጠበውን ማጥለያ ከሚጣለው ማጣሪያ የማይለይ ረዳት እናፈራለን።

«አበረደ» እና «አቀዘቀዘ» በዕለት ንግግር እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ ሆኖም አገባባቸው አንድ አይደለም። ትኩሳት ይበርዳል፣ ቁጣ ይበርዳል፤ ሁለቱም ከልክ ያለፈው ወደ ልኩ ተመለሰ ማለት ነው። «ማቀዝቀዣ» ግን ዛሬ ሥጋና ወተት የሚቀመጥበት ዕቃ ስም ሆኗል። የማርሽ ሣጥን ዘይት እንዲቀዘቅዝ አይፈለግም፤ የቀዘቀዘ ዘይት ይወፍራልና እንደ ልብ አይረጭም። ከሞተሩ ውኃ ጋር የተያያዘው ዓይነትማ በማለዳ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ዘይቱን ቀድሞ ያሞቀዋል። ስለሆነም «የዘይት ማብረጃ» የተሻለ ስም ነው እንላለን።

የተሳሳተ ስም ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ እርሱም «ዜሮ ማርሽ» ነው። ስሙ በሣጥኑ ውስጥ ምንም የማይሠራ ያስመስላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ሞተሩ ፍሬኑን እንዳያግዝ ያደርጋል፤ ይህ በሰፊው የታወቀ አደጋ ነው። ብዙ የማይነገረው ሌላው ጉዳት ነው። ጎማው ዋናውን ዘንግ በኃይል ያዞረዋል፤ ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ግን በሥራ ፈት ሞተር ፍጥነት ብቻ ይዞራል፤ ሞተሩ ከጠፋም ጨርሶ ይቆማል። «ዜሮ» የተባለው ሣጥን እንዲህ በደረቁ ሲፋተግ ይወርዳል። ቃሉን መለወጥ ዛሬ የሚቻል አይመስለንም፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከጎኑ ይህ ማብራሪያ ሊጻፍ ይገባል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ሲያሳትም ለስያሜ ሥራ ሰፊ መሠረት ጥሏል። ከዚያ ወዲህ የቀረው ሥራ ቃላቱን ከጋራዡ ቋንቋ ጋር ማስታረቅ ነው። «ካምቢዮ»ን ነቅለን በሌላ እንተካ ብንል፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የተለያየ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው መካኒኮች የሚግባቡበትን የጋራ ቃል እናሳጣቸዋለን። ሥራን ለሚገልጸው ክፍል ግን የአማርኛው ግሥ ራሱ መምህር ነው። ሁለት የመምሪያ ዐረፍተ ነገሮችን እናስተያይ። አንደኛው፣ «የኃይል ማስተላለፊያው ፈሳሽ ተገቢውን የማቀዝቀዝ ሂደት ባያገኝ የአገልግሎት ብቃቱ ይቀንሳል» ይላል። ሁለተኛው፣ «የካምቢዮው ዘይት ካልበረደ ይቀጥናል፤ ከቀጠነ ጥርሱ ይበላል፤ ሽቅብ ከመውጣትህ በፊት ማብረጃውን እይ» ይላል። ከመኪናው ሥር የተኛው ወጣት ረዳት የሚሠራበት ሁለተኛውን ነው፤ የስያሜ ሥራችንም ለእርሱ መጻፍ አለበት።