ቀዳዳው የሚነግረን፦ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር



በአልበከርኪ የሚገኘው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የማክስዌል አንትሮፖሎጂ ቤተ መዘክር እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1932 ተመሠረተ። ትልቅ አይደለም፤ መግቢያውም ያለ ክፍያ ነው። ከስብስቦቹ መካከል ዛሬ የማነሣው የሚምብረስን ሸክላ ብቻ ነው።

ከ1000 እስከ 1150 ገደማ በደቡብ ምዕራብ ኒው ሜክሲኮ የኖሩት የሚምብረስ ሰዎች በጎድጓዳ ሳህኖቻቸው ውስጥ፣ በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ቀለም ጥንቸል፣ ዓሣና ሰው ይሥሉ ነበር። ብዙዎቹ ሳህኖች ግን መሐላቸው ሆን ተብሎ ተበስቷል፤ በሟች ራስ ላይ ተደፍተው ተቀብረዋልና። በሥዕሉ የተማረከ ጎብኚ ቀዳዳውን ስብራት ይለው ይሆናል። ለእኔ ግን ከሥዕሉ ይልቅ የሚመሰክረው ቀዳዳው ነው፤ ሳህኑ ለቀብር የተዘጋጀ፣ ከመቃብርም የወጣ መሆኑን ይነግረናል።

በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመቃብር ዕቃዎች ለነባር ሕዝቦች የሚመለሱበትን ሥርዓት ዘረጋ። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ እነዚህን ዕቃዎች ለዕይታ ለማቅረብ እንኳ አስቀድሞ የባለቤቶቹ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ምርምርን ያጠብባል ይላሉ፤ አልስማማም። የሳህኖቹንም ፎቶግራፍ ዛሬ ያላሳየኋችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።