ቀዳዳውን የደፈነው ድንጋይ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 11 ቀን 1770፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኤንዴቨር የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በጨረቃ ብርሃን ሸራዋን ዘርግታ ትጓዝ ነበር። ጥልቀት የሚለካው መርከበኛ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ጣለና 17 ፋቶም አለ፤ ወደ 31 ሜትር መሆኑ ነው። ገመዱን ጎትቶ ሁለተኛ ሳይጥለው መርከቧ ኮራል አለት ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

አዛዡ ሌፍተናንት ጄምስ ኩክ ነበር (ካፒቴን የተባለው በኋላ ነው)። ያኔ ያደረገው፣ ማንም መርከበኛ የሚያደርገውን ነው፤ ሸክም ማቅለል። ስድስት መድፎች፣ ብረት፣ ድንጋይ፣ በርሜል፣ የዘይት እንስራ፣ የተበላሸ ስንቅ፣ በጠቅላላው ከ40 እስከ 50 ቶን ባሕር ውስጥ ተወረወረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የባሕሩ ሙላት መጣ፤ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ጎደለ። በዚያ ጠረፍ በዚያ ወቅት የሌሊቱ ሙላት ከቀኑ ይበልጣል፤ ስለዚህ እስከ ምሽት መጠበቅ ግድ ሆነ። ጥበቃው ደግሞ ተስፋም ፍርሃትም ነበር። አለቱ መርከቧን ቀድዷታል፤ ግን ደግፎ የያዛትም እሱ ነው። ከላዩ ስትነሣ ወዲያው ብትሰምጥስ? ያሉት ጀልባዎች ሁሉንም ሰው አይዙም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ተንሳፈፈች። አልሰመጠችም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ቀጥሎ የመጣው ስሕተት ነው። በመርከቧ ሆድ ውስጥ የገባውን ውኃ የሚለካው ሰው ተራው አልቆ በሌላ ተተካ። የመጀመሪያው ከውስጠኛው ጣውላ ጀምሮ ነበር የሚለካው፤ ተተኪው ግን ይህን ስላላወቀ ከውጭኛው ጣውላ ጀመረ። በሁለቱ መካከል 40 እና 45 ሴንቲሜትር ያህል ልዩነት አለ። ውኃው በአንዴ ያን ያህል የጨመረ መሰለ፤ እንደ ኩክ አጻጻፍ ሁሉም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራው ያኔ ነው። ስሕተቱ ሲታወቅ ግን ሰዉ እንደ አዲስ ተነሣ፣ ፓምፑንም በእጥፍ ጉልበት ይገፋ ጀመር። ውኃው እኮ ያው የነበረው ነው።

ከዚያ ጆናታን መንክሃውስ የተባለ ወጣት ዕጩ መኮንን አንድ ዘዴ አመጣ። ቀደም ሲል ከቨርጂኒያ ወደ ለንደን በምትሄድ የንግድ መርከብ ላይ ሲሠራበት አይቷል። የተፈታ የገመድ ቃጫና ሱፍ ተከታትፎ ተቀላቅሎ አሮጌ ሸራ ላይ በእፍኝ በእፍኝ ይለጠፋል፤ በላዩ የበግ በጠጥ ይደፋበታል። ሸራው በገመድ ተይዞ ከመርከቧ ሥር ይጎተታል፤ ወደ ቀዳዳው የሚገባው ውኃ ራሱ ቃጫውን ስቦ ያስገባና ይወትፈዋል። ተሠራ፣ ያዘም። ሦስት ፓምፕ ሲታገለው የነበረውን ውኃ አንድ ፓምፕ የሚበቃው ሆነ።

አሁን ለጥገና መሬት ያስፈልጋል። ዛሬ ኩክታውን ከተማ ያለችበትን የወንዝ አፍ አገኙ፤ ነፋሱ ግን ቀናት አስጠበቃቸው፤ የገቡት ጁን 17 ነው። ስንቁ ሁሉ ወረደ፣ ለሕሙማን ድንኳን ተተከለ፣ አንጥረኛው እሳቱን አነደደ። ጁን 22 ሌሊት ባሕሩ ሲሸሽ መርከቧ አፍንጫዋን ደረቅ ላይ አስደግፋ ቀረች፤ ጉዳቱም ታየ። ኮራሉ አራት ጣውላዎችን በስለት እንደተቆረጡ አድርጎ በጥቷቸዋል። ከቀዳዳው ውስጥ ግን አንድ ትልቅ የኮራል ድንጋይ ተሰንቅሮ ቀርቶ ነበር፤ የሱፉና የቃጫው ጉንጉንም አብሮት። ያ ድንጋይ ከአለቱ ተሰብሮ ባይቀር ኖሮ የመንክሃውስ ሸራ ብቻውን ይበቃ ነበር ማለት ይከብደኛል።

ይህች መርከብ መጀመሪያ ዊትቢ ላይ የተሠራች የድንጋይ ከሰል ጫኝ ናት። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ባሕር ሲሸሽ አሸዋ ላይ ሳትጋደም እንድትቀመጥ። ከሆዷ ሥር ከአፍንጫ እስከ ኋላ የሚሄደው ወፍራም ግንድ ኪል ይባላል፤ የጎን አጥንቶቿ ሁሉ የሚነሡት ከእሱ ነው። ከኪሉ ሥር ደግሞ እንደ ጫማ ሶል የሚለጠፍ ሌላ እንጨት አለ፤ መሬት ሲነካ ዋናው እንዳይጎዳ እሱ እንዲበላ። የኤንዴቨር ሶል አብዛኛው ሄዷል። አናጢዎቹ በባሕሩ ሽሽት ጊዜ እየገቡ የጎኑን ጣውላ ቀየሩ። ኪሉ ጋ ግን መድረስ አልቻሉም። መርከቧን ከፍ ለማድረግ ባዶ በርሜሎች ከሥሯ አሰሩ፤ አልተነሣችም። መርከብ ደረቅ ላይ ስትቆም በጣም መታየት ያለበት ቦታ መሬቱ ራሱ የሚሸፍነው ነው፤ ይህ ችግር ዛሬም በብረት ማቆሚያ ላይ ጀልባ የሚጠግን ሰው ያውቀዋል።

ቦታው ባዶ አልነበረም። ወንዙን ዋሉምባል ቢሪ የሚሉት የጉጉ ይሚትር ሰዎች ባለቤቶቹ ናቸው፤ እዚያ ደም አይፈስም የሚል ሕግ እንደነበራቸው ዘሮቻቸው ይናገራሉ። ጁላይ 19 መርከቧ ላይ ወጥተው ከተያዙት ኤሊዎች ቢጠይቁ ተከለከሉ። ወርደው በሰፈሩ ዙሪያ ሣሩን አቃጠሉ፤ ኩክ ተኩሶ አንድ ሰው አቆሰለ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጫፍ የሌለው ጦር ይዞ መጣ፤ ታረቁ። (ካንጋሩ የሚለው ቃልም የተወሰደው ከእነሱ ነው። «አልገባኝም» ማለት ነው የሚባለው ቀልድ ሐሰት ነው፤ ጋንጉሩ የአንድ ዓይነት ካንጋሩ ስም ነው።)

ኦገስት 4 ወጡ። ግን ኪሉ እንደ ቆሰለ ነው። ስለዚህ ወደ ባታቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ የሆላንዶች የመርከብ ጥገና ደሴት መሄድ የግድ ሆነ። እዚያ መርከቧ ተጋድማ ሲታይ ሶሉ ከኋላ 6 ሜትር ያህል ሲቀር ሁሉም ጠፍቷል፤ ዋናው ኪል ብዙ ቦታ ተጎድቷል፤ ኪሉ አጠገብ ያሉት ጣውላዎች ደግሞ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ ተፍቀው 3 ሚሊሜትር ብቻ ቀርቷቸዋል። ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጡት በዚያ ቅጠል በሚያህል እንጨት ነው።

ጥገናው ጥሩ ነበር። ዋጋው ግን በሰው ተከፈለ። እስከ ባታቪያ ድረስ ኩክ በስከርቪ አንድም ሰው እንዳልሞተበት ይኩራራ ነበር፤ ከተማዋ ግን በወባና በተቅማጥ የተሞላች ናት። ኪሉ እስኪጠገን ሰባት ሞቱ፤ ከእነሱ ውስጥ የመርከቧ ሐኪም ዊልያም መንክሃውስና የራያቴያ ተወላጁ አስተርጓሚ ቱፓያ አሉ። ከወጡ በኋላ እስከ ኬፕ ታውን ባለው መንገድ ከ20 በላይ ተከተሉ። በየካቲት 1771 የሐኪሙ ወንድም ጆናታን፣ ያ በግ በጠጥ የተለጠፈበትን ሸራ ያሰበው ልጅ ሞተ። ወንዙ ዳር ጣውላውን የቀየረው አናጢ ጆን ሳተርሊም በዚያው ወር። በባታቪያ አንድም ቀን ያልታመመው ሸራ ሰፊው ጆን ሬቨንሂል ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ በየቀኑ ይሰክር እንደነበር ኩክ ጽፏል። እሱም ጃንዋሪ ላይ ባሕር ላይ አረፈ።

መድፎቹ ከ199 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ስድስቱም ከአለቱ ላይ ተገኙ። መርከቧ ራሷ ስሟ ተለውጦ ሎርድ ሳንድዊች ተብላ በ1778 የአሜሪካ ጦርነት ጊዜ ኒውፖርት ወደብ አፍ ላይ እንግሊዞች መግቢያ ለመዝጋት አሰጠሟት። በ2022 የሲድኒው የባሕር ሙዚየም እዚያ ያለውን አንድ ስባሪ «ኤንዴቨር ነው» ሲል፣ አብረውት የሠሩት አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች ገና አልተረጋገጠም ብለው ተቃወሙ። ከውኃው ሥር የቀረው የመርከቧ የታችኛው ክፍል ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ክርክሩም ከሌላው ማስረጃ ጋር የኪሉ የፊት ጫፍ መጋጠሚያ በ1768 ከተሣለው ንድፍ ጋር ይገጥማል ወይ የሚል ነበር።