«ስኳር እዚህ መጥተን ነው የያዘን»

በሰርግም በለቅሶም ቤት ስለ ስኳር በሽታ ሲነሳ የማይቀር ንግግር አለ፦ «ይሄ በሽታ ሀገራችን አልነበረም፤ እዚህ መጥተን ነው የያዘን»። ልጆቻችን ይስቃሉ። «እዚያ የሚመረምር ስላልነበረ ነው እንጂ» ይሉናል። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ሳይመረመር የሞተ ስንቱ ነው! ግን ይሄንኑ ጥያቄ ከኛ በፊት በመጡ ሌሎች ኦሊም ላይ ቆጥረው የመለሱ ሐኪም ነበሩ። ታሪኩ በኛ ዘንድ ብዙም ስለማይታወቅ ዛሬ እሱን እናንሳ። (ዓመታቱ በዚህ ሀገር አቆጣጠር ነው።)

በ1949 እና በ1950 ወደ 49,000 የሚጠጉ የየመን አይሁዶች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። ገና መንግሥት ሳይቆም፣ ከብዙ ዓመት በፊት የመጡ የመኖችም እዚሁ ነበሩ። በኢየሩሳሌም ሐዳሳ ሆስፒታል የሚሠሩት ሐኪም አሮን ኮኸን ይሄን አስተዋሉ። ሕዝቡ አንድ፣ ዘሩ አንድ፤ ልዩነቱ የመጡበት ዘመን ነው። ሁለቱንም ወገን መረመሩ። በ1961 ባወጡት ጥናት፣ በቅርብ ከመጡት መካከል ስኳር የተገኘባቸው ከ10,000 ሰው 6 ገደማ ናቸው። 25 ዓመትና ከዚያ በላይ በሀገሩ ከኖሩት ግን ከ10,000 ሰው 290!

እንግዲህ «የሚመረምር ስላልነበረ ነው» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለቱም ወገን የተመረመሩት እዚሁ ሀገር ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ኮኸን ሰዎቹ የመን ሳሉ ምን ይበሉ እንደነበር ጠየቁ። እህሉ እዚያም ነበር፣ እዚህም አለ። ትልቁ ለውጥ ስኳሩ ላይ ነው፤ የመን ሳሉ እምብዛም የማይቀምሱት ነገር እዚህ የየቀኑ ምግብ ሆነ። ሐኪሙ በዚህ አላበቁም፤ አይጦችን ስኳር የበዛበት ምግብ አበሏቸው። አንዳንዶቹ ታመሙ፣ አንዳንዶቹ ምንም አልሆኑም። የታመሙትን ከታመሙ፣ ጤነኞቹን ከጤነኞች ጋር እያዳቀሉ ብዙ ትውልድ አስቆጠሩ። በመጨረሻ ሁለት ዘር ወጣ፦ ያንኑ ምግብ በልቶ የሚታመምና የማይታመም። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሚታመመው ዘር እንኳ ያ ምግብ ካልተሰጠው አይታመምም። ይሄ የአይጥ ዘር እስከ ዛሬ በሐኪሙ ስም ይጠራል።

ከዚያ የኛ ተራ ደረሰ። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ ወገኖቻችን ከሱዳን ገቡ። በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ፣ 30 ዓመት ባልሞላቸው ወጣቶች ላይ ስኳር ከ100 ሰው በ9ኙ ገደማ አገኘ። ወጣቶች ናቸው እኮ! ጎንደር ሳለን ውሃው ከወንዝ በእንስራ፣ እንጨቱ በጀርባ፣ ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። በሜርካዝ ክሊታ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ለልጆቹ ፔቴል ጠበቀን። እንጀራውም ጤፍና ዳጉሳው ቀርቶ በነጭ ዱቄት ሆነ። የሽማግሌዎቹ ንግግር እንግዲህ መሠረት አለው ማለት ነው።

ሆኖም «እናንተ ላይ ይሄ በሽታ በዝቷል» የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናዞራለን። ምክንያቱም አይጠፋችሁም። በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የሚለግሰው ደም ለዓመታት ሳይነገረው ሲደፋ እንደነበረ በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ፤ መንግሥትም የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ይትስሐቅ ናቮንን የአጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረገ። እዚያ የተደረገው ስለ ሕዝብ የተቆጠረን ቁጥር በእያንዳንዱ ሰው ላይ መለጠፍ ነው። ለጋሹ ጤነኛ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። የመኖቹን የቆጠሩት ሐኪም ግን «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ብለው ነው የቆጠሩት። በኔ ግምት ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መጥላት የሚጎዳው እኛኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ «ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» ይባላል፤ ሐኪሞችም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ክብደት ነው የሚያዩት። በኋላ በዚህ ሀገር የተደረጉ ጥናቶች ግን ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ቀጭን ሆኖም ስኳር ሊይዘው እንደሚችል፣ ያውም ሌላው ሰው ብዙም በማያሰጋው ክብደት እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ «ቀጭን ነዎት፣ ምን አለብዎት?» ብትባሉም «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፤ በባዶ ሆዴ ደሜን መርምሩልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ያንን የሚስቀውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ።