ፊልም ሳሎን የገባበት መንገድ፦ የአዲስ አበባ የቤት ፊልም ምሽት ታሪክ

በአዲስ አበባ ቤተሰብ፣ ዘመድና ጎረቤት በአንድ ሳሎን ተሰብስበው ፊልም የሚያዩበት ምሽት ብዙ ጊዜ የሲኒማ ቤት ምትክ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ የልማዱ አመጣጥ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ከሲኒማ አዳራሹ ይልቅ ለቡና ሥርዓቱ የሚቀርብ፣ አቀማመጡንም፣ ታዳሚውንም፣ ቁርሱንም ከዚያው የወረሰ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸው።

ተንቀሳቃሽ ምስል ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዋና ከተማዋ ቀደምት ማሳያ ቤቶች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» መባሉ አዲሱ ነገር በምን ዓይን እንደታየ ይመሰክራል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዳራሾቹ ቢበራከቱም፣ ከነጻነት በኋላም ፒያሳና መርካቶ በሲኒማ ቤቶቻቸው ቢታወቁም፣ ጥርጣሬው ጨርሶ አልጠፋም። የሲኒማ ቤት ደንበኛ በአመዛኙ ወጣት ወንድ ነበር፤ ልጆቿን ጥላ ለምሽት ትርኢት የምትወጣ ባለትዳር ሴትም ሆነች ከማያውቃቸው ጎረምሶች ጋር ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ ሽማግሌ ብዙም አይታይም ነበር። ፊልም እነዚህን ሰዎች ለማግኘት እነሱ ወዳሉበት መምጣት ነበረበት።

የመጀመሪያው መንገድ ቴሌቪዥን ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በተከበረበት ዕለት ሲሆን፣ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያውን መግዛት የሚችለው ቤት በጣም ጥቂት ስለነበረ አንድ ቴሌቪዥን የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በሳሎኑ ግንባር ቦታ ተቀምጦ፣ ስርጭት በሌለበት ሰዓት የእመቤቲቱ እጅ የሠራው ዳንቴል ለብሶ፣ ስርጭቱ ሲቃረብ ግን የሰፈሩን ልጆች ወደ ደጃፉ የሚስብ የጋራ ንብረት ነበር። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ፕሮግራም በሚያቀርቡበት ሰዓት፣ የጎረቤት ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥበት፣ የቤቱ ልጆችም ቦታ የሚደለድሉበት ሥርዓት በዚያ ዘመን ተመሠረተ። በደርግ ዘመን የቀበሌ መዝናኛ ክበባት ቴሌቪዥን ሲያስገቡ የሰፈር ወንዶች ወደዚያ አዘነበሉ፤ እናቶች ግን አሁንም የጎረቤትን ሳሎን መረጡ። ስርጭቱ ወደ ባለ ቀለም የተሸጋገረው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት በ1977 መባቻ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ተመልካቹ የሚያየውን አይመርጥም ነበር፤ ጣቢያው አንድ ነበርና ያቀረበለትን ያያል።

ምርጫን ወደ ቤት ያስገባው የቪዲዮ ማጫወቻው ነው፤ በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር «ዴክ»። የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ቪኤችኤስ የተባለው የካሴት ዓይነት፣ አንድ ዓመት ቀድሞት የወጣውን የሶኒን ቤታማክስ በዓለም ገበያ አሸንፎ ኢትዮጵያም ሲደርስ አገሪቱ በወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች። መሣሪያው በአብዛኛው ወደ ውጭ በሚመላለሱ ሰዎች ሻንጣ፣ በዓረብ አገሮች በሚሠሩ ዘመዶች ስጦታና በንግድ መልክ ይገባ ነበር። በሰዓት እላፊ ገደብ ምክንያት ሌሊት ከቤት መውጣት ለረጅም ዓመታት አስቸጋሪ ስለነበረም፣ ሰዎች በጊዜ ተሰባስበው በራቸውን ዘግተው የሚያመሹበት ምክንያት ይፈልጉ ነበርና ዴኩ ጥሩ ጊዜ ነው የመጣው።

መሣሪያው ራሱ ለምሽቱ መልክ ሰጥቷል። አንድ የተለመደ የ180 ደቂቃ ካሴት ስፋቱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ርዝመቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ ማግኔታዊ ክር የተጠቀለለበት ሲሆን፣ ክሩ በሚሽከረከረው የማንበቢያ ከበሮ፣ ማለትም በተለምዶ «ሄድ» በሚባለው ክፍል፣ ላይ እየተሳበ ምስሉን ይሰጣል። ብዙ ቤት የዞረ የኪራይ ካሴት ክሩ ስለሚያረጅና አቧራ ስለሚይዝ ምስሉ መስመር በመስመር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፊልሙ ተቋርጦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሄዱ አልኮል በነካው ጨርቅ ይጠረጋል፤ እንግዳውም በዚህ መሀል ጨዋታውን ይቀጥላል። ለቡና የተቆላው ፈንዲሻ የሚታደለውም በዚሁ ሰዓት ነበር። ፈንዲሻ በአሜሪካ የሲኒማ ቤት ምግብ ሆኖ ቢታወቅም፣ በአዲስ አበባ ሳሎን ከፊልም ጋር የተገናኘው ከሲኒማ ቤት ተቀድቶ ሳይሆን አስቀድሞም ከቆሎና ከዳቦ ጋር የቡና ቁርስ ስለነበረ ነው። ጸጥታ የሚጠይቀው የአዳራሽ ሥርዓት እዚህ ቤት አልገባም፤ ተዋናይ ይመከራል፣ ይረገማል፣ የሚሆነውም አስቀድሞ ይተነበያል።

ከካሴቶቹ መካከል የህንድ፣ የካራቴና የአሜሪካ ፊልሞች ይበዙ ነበር። የህንድ ፊልም በእናቶች ዘንድ ለምን እንደተወደደ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም፤ የአማትና የምራት ጠብ፣ የጠፋ ልጅ መገኘት፣ በዘፈን የሚገለጽ ፍቅርና ለቅሶ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። በእንግሊዝኛው ፊልም ጊዜ ግን ሳሎኑ አስተርጓሚ ይሾማል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ሲሆን፣ ያልገባውን ከራሱ ጨምሮ የመተረክ ሥልጣንም ነበረው። እነዚህ ሳይመዘገቡ የቀሩ ትረካዎች ከፊልሞቹ እኩል የዘመኑ ኪነ ጥበብ ተደርገው ቢቆጠሩ ማጋነን አይሆንም።

ከመኖሪያ ቤቱ ጎን ለጎን የሰፈር ቪዲዮ ቤት ተስፋፋ፤ ይኸውም መጋረጃ ተጋርዶ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ በጥቂት ሳንቲም ፊልም የሚታይበት ክፍል ነው። ቦታው ከትምህርት ቤት የሚፎርፉ ልጆች መሸሸጊያ ነው ተብሎ ስለሚታማና ወላጆችም ስለሚፈሩት፣ አቅሙ ያለው ቤተሰብ ዴክ ገዝቶ ወይም ተውሶ ልጁን ከነጓደኞቹ ቤት ማስቀመጡን መረጠ። የቪዲዮ ቤቱ መጥፎ ስም ለቤቱ ምሽት መጠናከር አንድ ምክንያት ነበር ማለት ይቻላል።

የዴኩ ትልቁ አገልግሎት ግን ከውጭ ፊልም ጋር አይያያዝም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሳሎኖች ደጋግሞ የታየው «ፊልም» የሠርግ ካሴት ሲሆን፣ ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ ከሚደረገው ግጥሚያ እስከ መልሱ ድረስ ለሰዓታት የተቀረጸ፣ ያልተገኘ ዘመድ ቁጭ ብሎ የሚያየው፣ የተገኘውም ራሱን የሚፈልግበት ነበር። ካሴቱ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሮምና ወደ ጅዳ ተልኮ በስደት ያለውን ቤተሰብ ከሠርጉ ያገናኘዋል፤ ከዚያም በምላሹ ሌላ ካሴት ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ የቴክኒክ እንቅፋት ነበር፤ ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ምስሉን በ625 መስመር የሚሠራውን ፓል የተባለውን ሥርዓት ሲሆን፣ አሜሪካ ግን በ525 መስመር የሚሠራውን ኤንቲኤስሲ ትጠቀም ስለነበረ፣ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ሁለቱንም በማይቀበል ዴክ ሲገባ ምስሉ ተዛብቶ ይታያል ወይም ጨርሶ አይታይም። የልጇን ሠርግ ለማየት የጓጓች እናት ሁለቱን የሚያነብ ዴክ ያለው ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነበረባት፤ ሲገኝም ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ቤት ይታደማል።

በ1990ዎቹ ካሴቱን ሲዲ ተካው። ቪሲዲ የሚባለው ዓይነት አንዱ ሳህን ከ74 ደቂቃ ያህል በላይ ስለማይዝ ሙሉ ፊልም በሁለት ሲዲ ይከፈል ነበር፤ በዚህም ምክንያት ታሪኩ በጦፈበት ሰዓት ሲዲው ይቀየራል፣ ቶናውም ይቀዳል። በዚሁ አሥር ዓመት አጋማሽ፣ የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» የመሰሉ በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች አዳራሽ ሲሞሉ፣ የሳሎኑ ተመልካች የሰፈር አስተርጓሚውን ማሰናበት ጀመረ። ነገር ግን የሲዲ ቅጂ በቀላሉ የሚባዛ በመሆኑ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣም በኋላ ሕገ ወጥ ቅጂ በየመንገዱ ይቸረቸር ነበር፤ ፕሮዲዩሰሮችም በዚህ ስጋት ፊልማቸውን በሲዲ ከማውጣት ይልቅ በአዳራሽ ማቆየትን መረጡ። ቤተሰቡ የአገሩን ፊልም ሳሎኑ ውስጥ ለማየት ሲዘገይ የኖረው በዚህ ሳቢያ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዲሽ ፊልሙን ከኪራይ አላቀቀው። ሃያ አራት ሰዓት ፊልም የሚያሳዩት የዓረብ ጣቢያዎች፣ በተለይም ኤምቢሲ 2፣ የአማርኛ ጽሑፍ ሳይኖራቸው በብዙ ቤት ተለመዱ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ፤ ታዳሚው ግን በየምሽቱ በሰዓቱ ይቀመጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ዴክ ማምረቱን አቆመ። ከዚያ በኋላ ፍላሽና የእጅ ስልክ ፊልምን የግል አድርገውታል፤ አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው አራት ፊልም ማየት ችሏል፤ ልማዱም በአብዛኛው ወደ በዓላት ምሽትና ወደ እንግዳ መምጫ ቀን ተወስኗል።

የዚህ ታሪክ ዋና ማስረጃ ዛሬም በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ ተደርድሮ ይገኛል፤ ነገር ግን የማግኔት ክር ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምስሉን እያጣ ይሄዳል፣ የሚያነብ ዴክም እየጠፋ ነው። ቀደምት የአማርኛ የቪዲዮ ሥራዎችና የ1980ዎቹ የሠርግ ካሴቶች የአለባበስ፣ የዘፈን፣ የሰፈርና የአነጋገር መዝገብ ናቸውና፣ በእጃቸው ያለ ቤተሰቦች ሳይዘገዩ ወደ ዲጂታል ቢያስገለብጧቸው፣ የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና የዩኒቨርሲቲዎች የፊልም ትምህርት ክፍሎችም ቅጂውን የማሰባሰብ ሥራ ቢጀምሩ ይገባል።