የቮልስ እድሳትና ማሻሻያ በኢትዮጵያ

የቮልስ እድሳት አሮጌ ቮልስዋገን ቢትልን ወደ ፋብሪካ መልኳ መመለስ፣ ወይም መልኳን ጠብቆ ውስጧን በዘመናዊ ዕቃ መቀየር ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ሥራ ይበልጥ የሚታወቀው እንደ ፎርድ ሙስታንግና ፖንቲያክ ጂቲኦ ባሉ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ጉልበታም መኪኖች ነው። በኢትዮጵያ ይህን ቦታ የያዘችው ቮልስ ናት።

አመጣጥ

መኪናዋን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1938 ተጀምሮ ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ሲያበቃ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው።

የመስከረም 2 ቮልስ

በአገሪቱ ታሪክ በጣም የታወቀችው ቮልስ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱባት ናት። ሮልስ ሮይስ የነበራቸውን ንጉሠ ነገሥት በዚህች መኪና መጫን ሆን ተብሎ የተደረገ ማዋረድ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለጥንቃቄ ሲባል የተመረጠች ልትሆንም ትችላለች። ቀለሟ ያከራክራል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ አረንጓዴ ነበረች ይላል፤ ሌሎች ትረካዎች ሰማያዊ ያደርጓታል። የካፑሽቺንስኪ መጽሐፍ በታሪክ ምሁራን ዘንድ በትክክለኛነቱ ተደጋጋሚ ትችት የደረሰበት ስለሆነ የእሱን ቃል ብቻ መያዝ አያስተማምንም። ጉዳዩ ለአዳሾች ተራ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዘመን ቀለም መልሶ መቀባት የሚፈልግ ባለቤት መጀመሪያ የሚነሣበት ጥያቄ ነውና።

ሥራው

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ በክሪክና በጥቂት መፍቻ ሊወርድ ይችላል። ለመኪናዋ ዕድሜ መርዘም ትልቁ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከሞተር ይልቅ የሚያስቸግረው አካሉ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ጥሩ ባትላሜራ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ መቀባት እድሳት ሊባል አይገባውም።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት መሻገር ነው። መብራቱ ይጠነክራል፣ ሞተሩም በቶሎ ይነሣል። አምፖልና ባትሪ ለውጦ መጨረስ ግን አይቻልም። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የ12 ቮልቱ 130 አለው፤ በዲያሜትሩም ስለሚሰፋ የአሮጌው ካምቢዮ ቤት ከውስጥ ካልተሞረደ አይገባም። ሞተሪኖውም አብሮ መታየት አለበት። 34 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ 1200 ሞተር አንሥቶ ባለ 50ውን 1600 መትከልም የተለመደ ነው። ጉልበት ሲጨመር የፍሬኑ አቅም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ ከፊት የዲስክ ፍሬን መግጠም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሌላው ነጥብ ሙቀት ነው። በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፋብሪካው ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከነበረበት ቦታ አርቆ የራሱን የአየር መንገድ ሰጠው። ይህ ዕቃ ለአሮጌ ሞተርም ሊገጠም ይችላል፤ በዳገት ለምትሠራ መኪና ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ በፊት ሊገዛ የሚገባው እሱ ነው።

በሆሳዕናና በአካባቢው

ከፍታ ሞተርን እንዴት እንደሚነካ ለማየት ሆሳዕና ምሳሌ ናት፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።  ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። መፍትሔው ቀዳዳው የጠበበ የቤንዚን ማስተላለፊያ መግጠም ነው። የኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ የአየሩን መጠን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል፤ ሆኖም ቢበላሽ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሊያስኬድ ስለሚችል በክፍለ ሀገር ለሚኖር ሰው ካርቡራተሩን ማቆየት ይሻላል።

ሕግ

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ የሚታደሱት ቮልሶች አስቀድመው እዚሁ ያሉት ናቸው ማለት ይቻላል። በሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ስለሚሰፍር ሞተር የቀየረ ባለቤት ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር ተቀርጾ ይገኛል፤ አሮጌ ቮልስ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ወንበሩን አንሥቶ ከሊብሬው ጋር ያመሳክር።