የባይክፓኪንግ ብስክሌት

የባይክፓኪንግ ብስክሌት ማለት ብስክሌተኛው ስንቁን፣ ውሃውን፣ ልብሱንና የመኝታ ዕቃውን ጭኖ ከአስፋልት ውጭ ባለ መንገድ ለብዙ ቀናት የሚጓዝበት ብስክሌት ነው። ለዚህ ጉዞ ተብለው የሚሠሩ ብስክሌቶች ቢኖሩም ብዙ ተጓዦች የሚጠቀሙት የተራራ ወይም የጠጠር መንገድ ብስክሌት ነው። ምርጫው የሚጀምረው ከዋጋ ወይም ከክብደት ሳይሆን ከመንገዱ ነው፤ መንገዱ የጎማውን ስፋት፣ የጎማው ስፋት ደግሞ የፍሬሙን ዓይነት ይወስናል። ከሰው መኖሪያ ርቆ የሚበላሽ ብስክሌት ተጓዡን ያለ ውሃና ያለ መጠለያ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ በመንገድ ላይ ሊጠገን መቻሉ ከፍጥነቱ ይልቅ ይታያል።

ታሪክ

ስሙ አዲስ ቢሆንም የጉዞው ዓይነት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከአሜሪካ ጦር 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት የተውጣጡ 20 ጥቁር ወታደሮች በመኮንኑ ጄምስ ሞስ መሪነት ከሞንታና ተነስተው እስከ ሴንት ሉዊስ ከተማ 3,000 ኪ.ሜ. ገደማ በ41 ቀናት በብስክሌት ተጉዘዋል። ድንኳናቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንና ስንቃቸውን በብስክሌቱ ላይ አስረው ነበር።

በአሁኑ ጊዜ በጣም ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ ግሬት ዲቫይድ የተባለው ነው። መንገዱ የሮኪ ተራሮችን ተከትሎ ከካናዳ እስከ አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር ድረስ ከ4,000 ኪ.ሜ. በላይ ይዘልቃል፤ አብዛኛው ክፍሉም ጠጠርና አፈር ነው። ካርታውን ያዘጋጀው አድቬንቸር ሳይክሊንግ አሶሲዬሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ መንገድ ላይ ቱር ዲቫይድ የተባለ ውድድር ይካሄዳል። ደረቅ ሜዳ፣ ጭቃና ከፍተኛ ተራራ በአንድ ጉዞ ስለሚገናኙበት፣ ለብስክሌት ምርጫ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የብስክሌት ዓይነቶች

• የጠጠር መንገድ ብስክሌት፦ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ሲሆን፣ የጎማው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሚ.ሜ. ነው። በተደለደለ ጠጠርና በደረቅ አፈር ላይ ፈጣን ነው፤ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ግን እጅንና ትከሻን ያደክማል።

• የኋላ አሞርዛተር የሌለው የተራራ ብስክሌት፦ ጎማው በአብዛኛው ከ2.2 እስከ 2.6 ኢንች ነው። የፊት ሹካው አሞርዛተር ያለው ወይም የሌለው ሊሆን ይችላል። ኮረኮንችም ቀጭን የእግር መንገድም ለሚቀላቀልበት ጉዞ ይመከራል፤ በግሬት ዲቫይድ ላይም በብዛት ይታያል።

• ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው ብስክሌት፦ ድንጋይና የዛፍ ሥር ለበዛበት መንገድ ይመቻል። ነገር ግን የኋላው አሞርዛተር በፍሬሙ መካከል ያለውን የዕቃ ቦታ ይቀንሳል፤ የሚያረጁ ኩሽኔታዎቹም ይበዛሉ።

• ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት፦ ጎማው 4 ኢንች ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በአሸዋና በበረዶ ላይ ሳይሰምጥ ይሄዳል። በጠንካራ መንገድ ላይ ግን ከባድና ዘገምተኛ ነው።

ጎማ

ሰፊ ጎማ በአነስተኛ የአየር ግፊት ሊነዳ ስለሚችል ጠጠርና ድንጋይን አቅፎ ያልፋል፤ ንዝረቱን ስለሚቀንስም ድካምን ያቃልላል። ግፊቱ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ግን ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሊጣመም ይችላል። የተጫነ ብስክሌት ካልተጫነው ትንሽ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

ብዙ ተጓዦች ከመነዳሪ የሌለውና በውስጡ ማሸጊያ ፈሳሽ የሚጨመርበት ጎማ ይመርጣሉ። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ትልቅ ቅዳጅ ሲያጋጥም ፈሳሹ ስለማይበቃ፣ መጠባበቂያ ከመነዳሪ መያዝ ያስፈልጋል።

በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተትም መታየት አለበት። በኒው ሜክሲኮ ያለው የግሬት ዲቫይድ ክፍል ሸክላማ አፈር ስላለው፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው በክፍተቱ ውስጥ ተጣብቆ ጎማው መዞር እስኪያቅተው ይሞላል። ፍሬሙ የሚችለውን የመጨረሻ ሰፊ ጎማ የገጠመ ብስክሌት በእንዲህ ያለ ቦታ ቶሎ ይቆማል።

ፍሬም

ፍሬም ከብረት፣ ከአልሙኒየም፣ ከቲታኒየም ወይም ከካርቦን ፋይበር ይሠራል። ብረት ከአልሙኒየም ይከብዳል፤ ቢሰበር ግን በብየዳ ቤት ለጊዜው ሊጠገን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ካርቦን ፋይበር ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የቦርሳ ማሰሪያ ለቀናት ሲፈትገው ይጎዳል፣ በግጭት የደረሰበት ስንጥቅም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ በመከላከያ ፕላስቲክ ይሸፈናል።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሬሙ ለብስክሌተኛው ቁመት ልክ መሆን አለበት። ለአንድ ሰዓት የማይታወቅ ትንሽ የልክ ስህተት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚነዳ ሰው የጉልበት ወይም የእጅ ሕመም ይሆናል።

ማርሽ

ዳገትን ከነጭነት ለመውጣት ቀላል ማርሽ ያስፈልጋል። የፊቱ ጥርስ 30፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 51 የሆነ ባለ 29 ኢንች ብስክሌት፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.35 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የፊቱ 40፣ የኋላው 42 በሆነ የጠጠር መንገድ ብስክሌት ግን ርቀቱ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። በግሬት ዲቫይድ ላይ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የኮሎራዶው ኢንዲያና ፓስ ግን፣ ሁለተኛው ብስክሌተኛ ወርዶ ሊገፋ ይችላል።

ፍሬን

ጭነት በጨመረ ቁጥር ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ በሚል ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጣም ይግላል። ለዚህ የዲስክ ፍሬን ይመረጣል። በዘይት የሚሠራው ትንሽ የጣት ኃይል ይበቃዋል፤ በሽቦ የሚሠራው ደግሞ ሽቦው ቢበጠስ በመንገድ ላይ በቀላሉ ይቀየራል።

ጭነት

የባይክፓኪንግ ቦርሳዎች በመሪው ላይ፣ በፍሬሙ መካከልና ከኮርቻው ኋላ ይታሰራሉ። ከባድ ዕቃ በፍሬሙ መካከል ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ብስክሌቱ ሚዛኑን ይጠብቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ የውሃ ቦታዎች ርቀት ከምርጫው ጋር ይገናኛል። የዝናቡ ውሃ ወደ የትኛውም ባሕር በማይፈስበት ደረቁ የዋዮሚንግ ተፋሰስ ለሚያልፍ ሰው፣ በፊት ሹካው ላይ ለተጨማሪ የውሃ ዕቃ የሚሆን የቡሎን ቀዳዳ ያለው ብስክሌት ይጠቅማል።

ጥገናና መለዋወጫ

የማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበት ትንሽ ብረት ብስክሌቱ ሲወድቅ ቶሎ ይጣመማል። ቅርጹ እንደ ፍሬሙ ስለሚለያይ በሌላ ቦታ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው፤ በመሆኑም አንድ መጠባበቂያ ይያዛል። ከዚህ ሌላ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻና ማያያዣ፣ የፍሬን ሸራ እንዲሁም የጎማ መለጠፊያ ያስፈልጋሉ።

የጎማው መጠንም በአካባቢው የሚገኝ ቢሆን ይመረጣል። በኢትዮጵያ 26 ኢንች ጎማና ከመነዳሪ ከ29 ኢንች ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ከመነዳሪም ጎሚስታ ቤት ይለጠፋል። ማሸጊያ ፈሳሹ ግን ከቤት ተይዞ መሄድ ይኖርበታል።

ሙከራ

ምርጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ብስክሌቱ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲሞከር ነው። ከረጅሙ ጉዞ በፊት ሙሉ ዕቃ ጭኖ፣ አንድ ሌሊት ውጭ አድሮ መመለስ የተለመደ ነው። የሚላላ ቡሎን፣ ጎማ የሚነካ ቦርሳና የማይመች ኮርቻ በዚህ ጊዜ ስለሚታዩ፣ ጥገናው ቤት አጠገብ ሆኖ ያልቃል።